እገሌ፣ እንትን እና ወንበር

የእህቴ ልጅ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አንድ ጠዋት እናቴ ስትጸልይ አጠገቧ ተቀምጣ መጽሐፉን በጣቷ እየተከተለች ነበር። ግእዙ ባይገባትም ፊደሉን ታነባለች። ጸሎቱ «እገሌ» የሚለው ቃል ጋ ሲደርስ እናቴ የክርስትና ስሟን ጠርታ ቀጠለች። ልጅቷ ዝም ብላ አላሳለፈቻትም።

«እማዬ፣ ተሳሳትሽ። እዚህ ጋ የሚለው እገሌ ነው።»

«እገሌማ ቦታ መያዣ ነው፣ የኔ ልጅ። እኔ ስጸልይ የእኔ ስም ይገባል። አንቺ ስትጸልዪ ያንቺ።»

የዚያኑ ቀን ማታ የሂሳብ ደብተሯን ይዛ ወደ እኔ መጣች። የቤት ሥራው ኤክስ + 9 = 15 ይላል። መልሱን አግኝታዋለች፣ 6 ነው። ያናደዳት ሌላ ነገር ነው። «ቲቸር ኤክስ ተለዋዋጭ ነው ብሎናል። ይኸው 6 ሆኖ ቁጭ ብሏል። መቼ ተለወጠ?»

እኔ በእሷ ዕድሜ ይህን ብጠይቅ ኖሮ ብዬ ቀናሁባት። ብዙ ልጅ አልጀብራ ላይ የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። አንድ ፊደል ሁለት የተለያየ ሥራ እየሠራ፣ ሁለቱንም በአንድ ስም ስለምንጠራው ነው።

ሁለቱን ሥራዎች ለመለየት አማርኛ የታደለ ቋንቋ ነው። «እንትን» የሚል ቃል አለን። እናት ወጥ ቤት ሆና «እስቲ ያንን እንትን አቀብይኝ» ስትል በልቧ አንድ የተወሰነ ዕቃ አለ። ማማሰያ ነው ወይ ወንፊት ነው። ስሙ ጠፍቶባት ነው እንጂ ዕቃው አንድ ነው። ሰሚው የሚጠበቅበት መፈለግ ነው። ኤክስ + 9 = 15 ላይ ያለው ኤክስ እንትን ነው። ቁጥሩ አንድ ብቻ ነው፣ ተደብቋል፣ ይፈለጋል። የማይለወጠውም ለዚህ ነው።

«እገሌ» ግን የተደበቀ ሰው አይደለም። የጸሎት መጽሐፉን የጻፈው ሰው አንዲት ሴት አስቦ፣ ስሟን ደብቆ፣ እኛን «ፈልጓት» አላለንም። ማንም ይግባበት ብሎ ነው ቦታውን የተወው። ሌላው የጸሎቱ ቃል ሁሉ እንዳለ ነው፤ የሚቀያየረው ያ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ተለዋዋጭ ማለት በደንቡ ይሄ ነው። እገሌ ተለዋዋጭ ነው፣ በዙሪያው ያለው ጸሎት ደግሞ ቋሚ።

ስለዚህ ለልጅቷ ያልኳት፣ «ቲቸር አልተሳሳተም፣ አንቺም አልተሳሳትሽም። ይሄኛው ኤክስ እንትን ነው። እገሌውን ነገ አሳይሻለሁ» ነው።

በነገራችን ላይ እንትን ማለት የእኛ ብቻ አይደለም። አልጀብራ የሚለው ስም የመጣው በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ አል ኽዋሪዝሚ ከጻፈው መጽሐፍ ርዕስ ነው፤ «አል ጀብር» ከሚለው ቃል። እሱ በፊደል ምልክት አልተጠቀመም። ሁሉንም በቃል ነው የጻፈው። ዐረቦቹ የማይታወቀውን ቁጥር «ሸይእ» ይሉት ነበር፣ «ነገር» ማለት ነው። እንትን በሉት። ፊደልን በሥርዓት ለቁጥር ምትክ ማድረግ በፈረንሳዊው ቪየት የመጣው በ1591 እ.ኤ.አ. ነው። ኤክስን የለመድነው ደግሞ ከዴካርት ነው፣ በ1637 እ.ኤ.አ.። እሱ ከላቲን ፊደል ተራ የመጨረሻዎቹን ለማይታወቀው፣ የመጀመሪያዎቹን ለሚታወቀው መደበ።

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ኤክስ ቅዱስ ፊደል አይደለም። ልጁ በ«ወ» ወይም በ«መ» ቢጀምር አንዳች አይጎድልበትም። እንዲያውም ይጠቅመዋል፤ ኤክስን ከማባዣው ምልክት ጋር የሚያምታታ ልጅ ስንት አለ!

በማግስቱ የጀመርኩት በአብርሃም ነው። ዘፍጥረት 18 ላይ አብርሃም ስለ ሰዶም ይለምናል። 50 ጻድቃን ቢገኙ ከተማዋን ታጠፋለህን? አይደለም። 45 ቢሆኑስ? ከዚያ 40፣ 30፣ 20፣ 10። ልጆች ይህን ታሪክ እንደ ገበያ ድርድር ነው የሚሰሙት፣ ይወዱታል። እዚህ ውስጥ ሁለት ፊደል አለ። አንዱ በከተማዋ በእውነት ያሉት ጻድቃን ቁጥር ነው፣ «ጻ» እንበለው። ይህ አይለወጥም። እግዚአብሔር ያውቀዋል፣ አብርሃም አያውቀውም። እንትን ነው። ሌላው አብርሃም እየቀነሰ የሚጠራው ገደብ ነው፣ «ገ»። እሱ ስድስት የተለያየ ዋጋ ይዟል፣ ተለዋዋጭ ነው። ደንቡ ግን ስድስቱም ጊዜ ያው ነው፦ ጻ ከገ ካላነሰ ከተማዋ ትተርፋለች።

«ታዲያ ጻ ስንት ነበር?» አልኳት።

ከተማዋ ጠፍታለች። ስለዚህ ጻ ከ10 ያንሳል። ከዚህ በላይ ከታሪኩ ማወቅ አይቻልም። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና «ዜሮ ግን አይደለም፣ ሎጥ አለ» አለች። በጴጥሮስ ሁለተኛ መልእክት ሎጥ ጻድቅ ተብሏልና ልክ ነች። አንድ ፊደል ሁልጊዜ አንድ መልስ ብቻ እንደማይኖረው፣ አንዳንዴ «ከዚህ እስከዚህ ነው» ብሎ መቆምም መልስ እንደሆነ በዚህ ታየ። ይህን ብዙ ልጅ የሚማረው ከዓመታት በኋላ ነው።

የመክሊቱ ምሳሌም ማቴዎስ 25 ላይ አለ። አምስት የተቀበለው አሥር አድርጎ መለሰ፣ ሁለት የተቀበለው አራት። የተቀበለው «ተ» ከሆነ የመለሰው 2 × ተ ነው። ሦስት የተቀበለ ሌላ አገልጋይ ቢኖርስ? ስድስት። አንድ የተቀበለው ግን ቀብሮት አንዱን ብቻ መለሰ። ደንቡ እሱ ላይ አይሠራም። ልጆች የተበላሸውን ምሳሌ ፈልገው ሲያገኙት ደስ ይላቸዋል። ተዉአቸው፣ ያግኙት።

ትልቁ ምሳሌ ግን ባሕረ ሐሳብ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን የበዓልና የጾም ቀን የምታወጣበት ስሌት። የኢትዮጵያ ልጅ እዚህ ላይ ትልቅ ሀብት አለው። የቤተ ክርስቲያኑ ዓመት የተሠራው በተለዋዋጭና በቋሚ ነው። ፋሲካ ለምን በየዓመቱ ቀኑን ይቀይራል? ገና ለምን እንደዚያ አያደርግም? ይህን ያልጠየቀ ልጅ የለም። የፕሮቴስታንት ቤተሰብ ልጅም ቢሆን አገር ቤት ፋሲካን የሚያከብረው በዚሁ ቀን ስለሆነ ጥያቄው የእሱም ነው።

የሚያስፈልገው ማካፈልና ቀሪ መያዝ ብቻ ነው። የአምስተኛ ክፍል ልጅ ይችለዋል።

መጀመሪያ ዓመተ ዓለም ይገኛል። 5500 ሲደመር ዓመተ ምሕረቱ። ለ2018፣ 7518። 5500 ቋሚ ነው፣ ዓመተ ምሕረቱ ተለዋዋጭ። ይህን ለ19 አካፍሉት። 395 ጊዜ ደርሶ 13 ይተርፋል። ዓመቱ ገና ስላልተፈጸመ አንድ ይቀነስለታል፣ 12 ይሆናል። ይህ ቁጥር ስም አለው፤ ወንበር ይባላል።

ወንበር! ለተለዋዋጭ ከዚህ የተሻለ ስም ማን ያወጣል? ወንበሩ አንድ ነው፣ የሚቀመጥበት ቁጥር ነው የሚነሣውና የሚተካው። በ2018 ላይ 12 ይቀመጥበታል፣ በ2019 ላይ 13። 18 ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ፀሐይና ጨረቃ 19 ዓመት ቆይተው እንደገና ስለሚገጥሙ ነው። እዚህ ላይ ልጁ አንድ ነገር ያስተውላል። ተለዋዋጭ ማለት እንደ ፈለገ የሚሆን ማለት አይደለም። ወንበር ላይ 27 አይቀመጥም፣ ግማሽም አይቀመጥም። ከ0 እስከ 18 ብቻ።

ከወንበር ሁለት ቁጥር ይወለዳል። አበቅቴ 11 × ወ ነው። መጥቅዕ 19 × ወ ነው። ከ30 ሲያልፉ በ30 ይገደፋሉ፣ ማለትም 30 እየተጣለ ትርፉ ይያዛል። 11ና 19 ከየት መጡ? በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ባሕረ ሐሳብ የተገለጠው ለእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ነው። ለሌሊት 23 ሱባኤ፣ ለቀን 7 ሱባኤ ይዞ ጸለየ ይባላል። 23 × 7 ማለት 161 ነው፣ በ30 ሲገደፍ 11። 7 × 7 ማለት 49 ነው፣ ሲገደፍ 19። በሰማይ ብንመለከተውም 11 ይገጥማል፤ አሥራ ሁለት የጨረቃ ወር 354 ቀን ነው፣ ከ365 በ11 ያንሳል።

ለ2018 እንሥራው። 11 × 12 = 132፣ ሲገደፍ 12። 19 × 12 = 228፣ ሲገደፍ 18። 12ና 18 ሲደመሩ 30። ለ2019 ወንበር 13 ነው። 143 ሲገደፍ 23፣ 247 ሲገደፍ 7። ሲደመሩ 30።

ልጅቷ እርሳሷን አስቀመጠች። «ሁሌ ነው?»

ሁሌ ነው። የአብነት ተማሪ ይህን በቃሉ ያውቀዋል፣ ማረጋገጫም ያደርገዋል። ግን ለምን? ሁሉንም ዓመት ሠርቶ ማየት አይቻልም። ፊደል የተፈጠረው ለዚህ ነው። 11 ወንበር ሲደመር 19 ወንበር 30 ወንበር ነው። 30 ወንበር ደግሞ ሙሉ በሙሉ በሠላሳ በሠላሳ የታሰረ ነው፣ ትርፍ የለውም። ስለዚህ ሁለቱ ትርፎች ሲገናኙ ሠላሳ መሙላት ግዴታቸው ነው። ወንበሩ ላይ ማን ተቀመጠ ብሎ መጠየቅ እንኳን አላስፈለገም። ወንበር ዜሮ የሆነ ዓመት ብቻ ትንሽ ያስቸግራል፤ ያኔ አበቅቴ አልቦ ይባላል፣ መጥቅዕ 30 ይያዛል። ድምሩ አሁንም 30።

በአንዲት መስመር ስለ ሁሉም ዓመት ተናገርን። ኤክስ + 9 = 15 ይህን ደስታ አይሰጥም። ልጆችን በእንትን ብቻ እያሠራን፣ እገሌን ሳናሳያቸው «አልጀብራ ይጠቅማል» ስንላቸው አያምኑንም። እውነታቸውን ነው።

የቀረው መንገድ አጭር ነው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ ቁጥሩ የመስከረም ቀን ነው፣ ካነሰ የጥቅምት። የ2018 መጥቅዕ 18 ነው፣ ስለዚህ መስከረም 18። ዓመቱ ሐሙስ ስለገባ መስከረም 18 እሑድ ይውላል። እያንዳንዱ ቀን ተውሳክ የሚባል ጭማሪ አለው። ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። 18 ሲደመር 7፣ 25። ይህ መባጃ ሐመር ይባላል። መጥቅዕ መስከረም ላይ ስለዋለ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል። ድምሩ ከ30 ቢያልፍ ኖሮ 30 ተጥሎ ወደ የካቲት ይሻገር ነበር።

ተውሳኩ ቀኑ በአንድ ሲገፋ በአንድ እንደሚቀንስ ልብ በሉ። አንዱ ሲጨምር ሌላው ያካክሳል፣ ለዚህ ነው ነነዌ ምንጊዜም ሰኞ የሚገባው። ሁለት ተለዋዋጭ ተያይዘው ሄደው የማይለወጥ ነገር ሲወልዱ ማለት ነው።

ከነነዌ እስከ ፋሲካ 69 ቀን ነው። ይህ ቋሚ ነው፣ የትኛውም ዓመት አይነካውም። ከጥር 25 ላይ 69 ሲቆጠር ሚያዝያ 4 ይደርሳል። የ2018 ፋሲካ ያ ነው። ለ2019 መጥቅዕ 7 ስለሆነ ጥቅምት 7 ይሆናል፣ ቅዳሜ ነው፣ ተውሳኩ 8። 15 መጣ። ጥቅምት ላይ የዋለ መጥቅዕ ነነዌን የካቲት ላይ ያደርገዋልና የካቲት 15። 69 ሲጨመርበት ሚያዝያ 24። በሃያ ቀን ተራራቁ፣ ደንቡ ግን አንዲት ፊደል አልተነካበትም። ከመጋቢት 26 ቀድሞ፣ ከሚያዝያ 30 አልፎ ፋሲካ አይውልም።

አሜሪካና አውሮፓ ልጅ የሚያሳድጉ ዘመዶቼ ይህን ሲሰሙ የሚጠይቁኝ አለ። የልጃቸው የክፍል ጓደኞች ፋሲካ ሌላ ቀን ነው። በ2017 ሁለቱ በአንድ ቀን ዋሉ፣ ሚያዝያ 12። በ2018 ልዩነቱ አንድ ሳምንት ነው። በ2019 አምስት ሳምንት። «የማን ነው ትክክል?» ከማለት ይልቅ ለልጁ ልዩነቱን «ል» ብሎ የዓመቱን ዋጋ እንዲጽፍ መስጠት ይሻላል፦ 0፣ 1፣ 5። ተለዋዋጭ ራሱ ቤቱ መጣለት።

ስታስተምሩ ከሚያጋጥሙ ጣጣዎች ሁለቱን ልንገራችሁ። አንደኛው ፊደሉን ዕቃ ማድረግ ነው። «3ሙ ማለት ሦስት ሙዝ ነው» ብለው የሚያስተምሩ አሉ። ለጊዜው ያግባባል፣ በኋላ ያበላሻል። ሙ የሙዝ ቁጥር ነው ወይም የአንዱ ሙዝ ዋጋ ነው፤ ሙዝ ራሱ አይደለም። ሙዝ ከሆነማ ሙ × ሙ ምንድን ነው ሊባል ነው? ሁለተኛው የእኩል ይሆናል ምልክት ነው። ልጆች «አሁን መልሱን ጻፍ» የሚል ትእዛዝ ይመስላቸዋል። 8 = 5 + ሀ ብላችሁ ገልብጣችሁ ስጧቸው፤ ብዙዎቹ «ተገልብጧል፣ ስህተት ነው» ይሏችኋል። ሚዛን ነው በሏቸው። የገበያ ሚዛን ግራና ቀኝ አይመርጥም።

ሃይማኖትን ከሂሳብ ጋር ስታገናኙ ደግሞ አደራ፣ አትቸኩሉ። «እግዚአብሔር ቋሚ ነው፣ እኛ ተለዋዋጭ ነን» የሚል ምሳሌ በየትምህርት ቤቱ ይነገራል። ክፉ አይደለም፣ መጽሐፉም እግዚአብሔር አይለወጥም ይላል። ግን ልጁ ስለ ተለዋዋጭ ምንም አላወቀም፣ ስብከት ነው የሰማው። ሥላሴን በ«1 × 1 × 1 = 1» ማስረዳት ደግሞ ጭራሽ አይመከርም። ጎበዝ ልጅ ወዲያው «መቶ አንዶች ቢባዙስ?» ይላችኋል፣ መልስ የላችሁም። በእኔ እምነት በሂሳቡ ላይ ጥቅስ መለጠፍ አያስፈልግም። አብርሃም ልመናው ውስጥ ቁጥር ነበረው። አባቶች አንድ ሕዝብ በአንድ ቀን ጾም እንዲይዝ፣ በአንድ ቀን እንዲፈታ ብለው አሰሉ። ሂሳቡ እዚያው ውስጥ ነው ያለው።

የእህቴ ልጅ የ2020ን ፋሲካ ለብቻዋ ልሥራ አለች። ሰጠኋት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሚያዝያ 1 ይዛ መጣች። አበቅቴ 15፣ መጥቅዕ 15፣ ድምሩ 30። ነነዌ ሰኞ፣ ፋሲካ እሑድ። ማረጋገጫው ሁሉ ይገጥማል። እኔም አልፌው ነበር። እናቴ ናት ከመቀመጫዋ ሆና «7520ን ለ19 ስታካፍዪ ስንት ተረፈሽ?» ያለቻት።

«15።»

«ታዲያ አንዱን የት ጣልሽው?»

ልጅቷ ደብተሩን አየችው። ወንበር ላይ የተቀመጠው 15 ነው፣ መቀመጥ የነበረበት 14። ላጲሷን አነሣችና እንደገና ጀመረች። 14 ሲባዛ በ19፣ 266፣ ሲገደፍ 26። መስከረም 26፣ ሐሙስ፣ 3። ጥር 29። ሚያዝያ 8።